ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ ጆሃንስበርግ፦ የአምስት ሰዓት ተኩል በረራና የወራት ጉዞ

ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት የሆሳዕና ከተማ መናኸሪያ በረዳቶችና በተራ አስከባሪዎች ድምፅ ይሞላል። ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ዱራሜና ወደ ሌሎች ከተሞች የሚሄዱ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ተሳፋሪዎቻቸውን እየጫኑ ይወጣሉ። ነጋዴው ከዕቃው፣ ተማሪው ከሻንጣው፣ ሕመምተኛው ከአስታማሚው ጋር ይሳፈራል። በመካከላቸው ግን በትኬቱ ላይ የተጻፈው መድረሻ እውነተኛ መድረሻው ያልሆነ ወጣት መንገደኛ አይጠፋም። ትኬቱ ሐዋሳ ይላል፤ ሐሳቡ ግን ጆሃንስበርግ ነው።

ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ፍልሰት ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ብዙዎች በየብስ ተጉዘው ካሰቡበት ደርሰዋል። ብዙዎች ከመንገድ ተይዘው ታስረዋል፣ ተመልሰዋል። የት እንደደረሱ ሳይታወቅ የቀሩም አሉ። ስለ ጉዞው ብዙ ሲነገር ቢቆይም፣ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ግን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም። ሁለቱ ከተሞች በእርግጥ ምን ያህል ይራራቃሉ? ጉዞውስ ለምን ይህን ያህል ረዘመ?

በአየር ሲለካ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በቡታጅራና በወራቤ በኩል በሚያልፈው መንገድ አንድ ተሳፋሪ ጠዋት ከመናኸሪያው ቢነሳ እኩለ ቀን ሳይርቅ አዲስ አበባ ይገባል። ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ጆሃንስበርግ ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት ደግሞ 4 ሺህ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ርቀት ያለ ማረፊያ የሚሸፍነው በአምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው።

ከረፋዱ 3 ሰዓት ከቦሌ የተነሳ መንገደኛ፣ የእጅ ሰዓቱ 8 ሰዓት ተኩል ሲል ጆሃንስበርግ ያርፋል። የደቡብ አፍሪካ ሰዓት ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ በአገሬው አቆጣጠር ገና 7 ሰዓት ተኩል ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ጠዋት በሆሳዕና መናኸሪያ ቁርሱን የበላ ሰው፣ አዲስ አበባ አድሮ ነገ ምሳውን ጆሃንስበርግ ሊበላ ይችላል። በአውቶቡስ የሚያጠፋው ጊዜ በአውሮፕላን ከሚያጠፋው ብዙም የተለየ አይደለም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ፓስፖርትና የደቡብ አፍሪካ ቪዛ በእጁ ላለ ሰው ብቻ ነው።

በየብስ ሲለካ

ቪዛ የሌለው መንገደኛ ሌላ መንገድ ይይዛል። ከሆሳዕና በሐላባና በሐዋሳ፣ ከዚያም በዲላና በያቤሎ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል። ኬንያን አቋርጦ ወደ ታንዛኒያ፣ ቀጥሎም ወደ ማላዊና ወደ ሞዛምቢክ፣ አለዚያም በዛምቢያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ይሻገራል። ደቡብ አፍሪካ እስኪገባ ድረስ እንደያዘው መስመር አምስት ወይም ስድስት ድንበር ያልፋል። በመኪና መንገድ ሲሰላ ርቀቱ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ይህ ርቀት ቀላል ባይሆንም ወራትን የሚፈጅ አይደለም። በሰዓት በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በቀን ለ10 ሰዓት ቢነዳ 5 ሺህ 400 ኪሎ ሜትሩን በዘጠኝ ቀን ይጨርሰዋል። ሕጋዊ ሰነድ የያዙ የጭነት መኪና አሽከርካሪዎችም የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካን አገሮች በዚህ መልክ ያቋርጣሉ። ሰነድ የሌለው መንገደኛ ግን በተመሳሳይ አስፋልት ላይ ሳምንታትን፣ አንዳንድ ጊዜም ወራትን ያሳልፋል። ሁለት ወር የፈጀበት ሰው በአማካይ በቀን የተጓዘው 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህም አንድ አውቶቡስ በሁለት ሰዓት አካባቢ የሚጨርሰው መንገድ ነው።

ቀሪው ጊዜ የሚያልፈው በመጠበቅ ነው። መንገደኛው በድንበር ከተሞች በተዘጉ ቤቶች ውስጥ ይደበቃል። በጫካ ውስጥ ሌሊት በእግር ይጓዛል። የሚቀጥለው ደላላ እስኪመጣና ከቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ እስኪደርስ ይጠብቃል። ከተያዘም በእስር ቤት ወራትን ያሳልፋል። ስለዚህ ጉዞውን ያረዘመው የኪሎ ሜትሩ ብዛት ሳይሆን የሰነድ አለመኖር ነው ማለት ይቻላል።

በዋጋ ረገድም ልዩነቱ የተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት የታተመ ጥናት፣ በዚያን ጊዜ በየዓመቱ እስከ 20 ሺህ የሚደርሱ የምሥራቅ አፍሪካና የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች በሕገወጥ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሻገሩ እንደነበር ገምቷል። አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያን መሆናቸውን አመልክቷል። በወቅቱ አንድ ተጓዥ ለየብሱ ጉዞ ይከፍል የነበረው ወደ 2 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ክፍያው በብዙ እጥፍ አድጓል። የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በመሆኑም ድሃው ወጣት የሚጓዘው በረዥሙ፣ በአደገኛውና በውዱ መንገድ ነው። ገንዘቡም የሚገኘው መሬት በመያዝ፣ ከብት በመሸጥ፣ ከዘመድ በመበደር ወይም ቀደም ሲል ደቡብ አፍሪካ ከደረሰ ወንድም በሚላክ ገንዘብ ነው።

ከወንጂ እስከ ጆሃንስበርግ

የሀዲያና የከምባታ ሰው ከቀዬው ርቆ ሠርቶ መመለስን የለመደው በቅርቡ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ማምረት ከጀመረ ወዲህ፣ የአካባቢው ወጣቶች ለሸንኮራ አገዳ ቆረጣ ወደ ወንጂ፣ ኋላም ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ይጎርፉ ነበር። ለግብር፣ ለልብስና ለጥሎሽ የሚሆን ገንዘብ ይዘው ይመለሱ ነበር። ጉዞው የወቅት ሥራ እንጂ ስደት አልነበረም። መንገደኛውም እንሰቱ ወደተተከለበት ጓሮው ተመላሽ ነበር።

አካባቢው ከአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ ሕዝብ ከሰፈረባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። መሬቱ ለምና በሰው ጉልበት የለማ ቢሆንም፣ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈ ቁጥር እየጠበበ ሄዷል። በከምባታ ሐደሮ አካባቢ የገበሬው የገንዘብ ምንጭ የነበረው ዝንጅብል በ2004 ዓ.ም በተከሰተው የአጠውልግ በሽታ ክፉኛ መጎዳቱም ለብዙ ቤተሰቦች ተጨማሪ ችግር ሆኗል። በሌላ በኩል ትምህርት ተስፋፍቷል። በሆሳዕና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሠርተዋል። ይሁን እንጂ የተመራቂው ቁጥር በጨመረበት መጠን የሥራ ዕድሉ አልሰፋም።

በዚያው ጊዜ በደቡብ አዲስ በር ተከፍቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ በ1986 ዓ.ም የዘር መድልዎ ሥርዓት አክትሞ የመጀመሪያው የመላው ሕዝብ ምርጫ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የስደተኞች ሕግ ደግሞ ጥገኝነት የሚጠይቁ ሰዎች በመጠለያ ጣቢያ ሳይወሰኑ፣ ማመልከቻቸው እስኪታይ ድረስ በአገሪቱ ውስጥ እንዲኖሩና እንዲሠሩ የሚፈቅድ ነበር። ቀድመው የደረሱት ኢትዮጵያውያን ይህን ተጠቅመው በየመንደሩ ብርድ ልብስ፣ የአልጋ ልብስና አልባሳት በዱቤ እያዞሩ መሸጥ ጀመሩ። ቆይተውም ጥቁር አፍሪካውያን በሚበዙባቸውና በተለምዶ ሎኬሽን እየተባሉ በሚጠሩት ሰፈሮች ሱቅ ከፈቱ። በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ጀፒ ተብሎ የሚታወቀው ሰፈር የኢትዮጵያውያን የጅምላ ንግድ ማዕከል ሆነ። አንዱ ወንድሙን፣ ወንድሙም የአጎቱን ልጅ እየጠራ ሰንሰለቱ ረዘመ።

የተላከው ገንዘብ ውጤት በሆሳዕና በዓይን የሚታይ ነው። በከተማዋ ከተሠሩት ፎቆች፣ ሆቴሎችና የመኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። መናኸሪያ ከሚገቡት ተሽከርካሪዎች መካከልም በዚሁ ገንዘብ የተገዙ አሉ። ወንድሙ ከሄደበት የተሻለ ቤት የተሠራለትን ጎረቤት የሚያይ ወጣት፣ ጉዞውን የሚመዝነው በሚሰማው የአደጋ ዜና ሳይሆን በሚያየው የቆርቆሮ ክዳን ነው። የደረሰው ሰው ቤት ይታያል። ያልደረሰው ግን ምልክት አይተውም።

በመንገድ የቀሩት

ይህ ሚዛን ምን ያህል የተዛባ እንደሆነ የሚያሳዩ ክስተቶች ብዙ ናቸው። በሰኔ 2004 ዓ.ም በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዚያው ወር በታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተጥሎ ተገኝቷል።

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር ከማላዊ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ለክብደት ምርመራ ቆመ። የኢሚግሬሽን ሠራተኞች ከኮንቴይነሩ ውስጥ የሚደበድብ ድምፅ ሰምተው ሲያስከፍቱት 78 ሰዎች ታጭቀውበት ተገኙ። ስድሳ አራቱ አየር አጥሯቸው ሞተዋል፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተገልጿል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም በሰሜን ማላዊ ምዚምባ አውራጃ በአንድ የጅምላ መቃብር 25 አስከሬኖች የተገኙ ሲሆን፣ በማግስቱ በተደረገው ፍለጋ ተጨማሪ አስከሬኖች ተገኝተዋል። የአገሪቱ ፖሊስ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ እንደማይቀሩ አስታውቋል። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ አጠገብ ንግዌሬሬ በሚባል ቦታ የ27 ወንዶች አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። አንድ ሰው በሕይወት ተገኝቶ ወደ ሆስፒታል ተወስዷል።

የእነዚህ ሰዎች ሞት ከርቀት የመጣ አይደለም። በጭነት መኪና ታፍነው ያለቁት የሞቱት በዝርፊያ ወይም በመንገድ አደጋ አይደለም። ከሰው ዓይን ለመሰወር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ስለተጫኑ ነው። ሕጋዊ መንገደኛ በመስኮት እያየ የሚያልፈውን መንገድ እነርሱ አየር በሌለበት ጨለማ ውስጥ ተጓዙት።

በሕይወት ተርፈው የሚያዙትም ቢሆኑ ዕጣቸው የታወቀ ነው። በታንዛኒያ፣ በማላዊና በዛምቢያ እስር ቤቶች ለወራት የቆዩ ኢትዮጵያውያን በመንግሥትና በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ትብብር በተደጋጋሚ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዳሬሰላም እስከ ቦሌ ያለው በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሳምንታትን የፈጀው የየብስ መንገድ በሦስት ሰዓት ይታጠፋል። ለብዙዎቹ ተመላሾች በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነው የአውሮፕላን ጉዞ ወዳሰቡት ሳይሆን ወደተነሱበት የሚወስድ ነው። ሲመለሱም የተሸጠው ከብት የለም፤ ብድሩ ግን ይጠብቃቸዋል። አንዳንዱም ብድሩን ለመክፈል ሲል ዳግም ወደ መናኸሪያው ይመጣል።

መድረስም መጨረሻ አይደለም

ጆሃንስበርግ የደረሰውም ቢሆን ሥጋቱ አያበቃም። በግንቦት 2000 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም እና በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ጥቃቱ ሲያገረሽ የኢትዮጵያውያን ሱቆች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል። በየሎኬሽኑ ሱቃቸው ውስጥ ሌሊት በዘራፊ የተገደሉ ኢትዮጵያውያንም ጥቂት አይደሉም። የጥገኝነት ሕጉም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበቀ ሄዷል። ከሃያ ዓመት በፊት የተጓዘው ወንድም ያገኘው ዕድል ዛሬ የሚነሳውን ወጣት አይጠብቀውም። ወሬው ግን አሁንም የሚነገረው በድሮው ዕድል ልክ ነው።

ሕጉና ክፍተቱ

መንግሥት ችግሩን ለመከላከል ሕግ ሲያወጣ ቆይቷል። በ2007 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 በሰው መነገድንና ሰዎችን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ ቅጣት የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ በ2012 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1178 ተተክቷል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ዜጎች የሁለትዮሽ ስምምነት ወደተደረሰባቸው አገሮች በሕጋዊ መንገድ የሚጓዙበትን ሥርዓት ዘርግቷል።

ይሁን እንጂ ሁለት ክፍተቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ የሥራ ስምሪት ስምምነት የተደረሰባቸው አገሮች በአብዛኛው እንደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኳታርና ዮርዳኖስ ያሉ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች መሆናቸው ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣት የሚያስበው ግን ወደ ደቡብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ራሷ ከፍተኛ የሥራ አጥነት ያለባት በመሆኗ፣ ልዩ ሙያ ለሌለው ሠራተኛ በቀላሉ በሯን ትከፍታለች ተብሎ አይጠበቅም።

ሁለተኛው ክፍተት የደላላው ማንነት ነው። ደላላው ከሩቅ የመጣ ባዕድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የመንደር ልጅ፣ የሩቅ ዘመድ ወይም ቀድሞ የሄደ ጎረቤት ነው። ልጁ ከደረሰ ቤተሰቡ ደላላውን እንደ ባለውለታ ያየዋል። ካልደረሰ ደግሞ ገንዘቡን የማስመለስ ጉዳይ በሽማግሌ ይያዛል። በመሆኑም በፍርድ ቤት የሚመሰክር ሰው ይታጣል። ድንበር ላይ የሚያዘውም ዋናው አዘዋዋሪ ሳይሆን መንገደኛውና አሽከርካሪው ነው።

በአህጉር ደረጃ ደግሞ ርቀቱን የሚያሳጥሩ ውሎች ተፈርመዋል። በጥር 2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ የአፍሪካ የአየር ትራንስፖርት የጋራ ገበያ ይፋ ሆኗል። በዚያው ጉባኤ የሰዎችን ነፃ እንቅስቃሴ የሚመለከት ፕሮቶኮልም ጸድቋል። የመጀመሪያው ለአውሮፕላኑ፣ ሁለተኛው ለተሳፋሪው የታሰበ ነበር። ፕሮቶኮሉ ሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት የሚገባ ቢሆንም፣ ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የአፍሪካ ሰማይ ለአውሮፕላን እየተከፈተ ሲሄድ፣ ምድሩ ለመንገደኛው ዝግ እንደሆነ ቀጥሏል።

ከመናኸሪያው በፊት

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች መረዳት የሚቻለው፣ የጆሃንስበርግ ቪዛ በቅርቡ ለሁሉም የሚገኝ አለመሆኑን ነው። ስለዚህ የወጣቱ ውሳኔ የሚወሰነው ከድንበር ኬላ ላይ ሳይሆን ገና ከመናኸሪያ ሳይደርስ በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱና በቀበሌው ነው።

በዚህ ረገድ በነሐሴ 2015 ዓ.ም የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልልና የዞን አስተዳደሮቹ ሊያተኩሩባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ትክክለኛ መረጃ ነው። አትሂዱ የሚል ምክር ብቻውን ፎቁን ለሚያይ ወጣት አያሳምነውም። ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ስንት ድንበር እንዳለው፣ ለማን ስንት እንደሚከፈልና በቴቴና በንግዌሬሬ ምን እንደተፈጸመ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ከእስር የተመለሱ ወጣቶች ለዚህ ሥራ ከማንም የበለጠ ተደማጭነት አላቸው።

ሁለተኛው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። አንድ ቤተሰብ ለደላላ የሚከፍለው ብር በአገር ውስጥ አነስተኛ ወፍጮ ቤት፣ የከብት ማድለቢያ ወይም የባጃጅ ሥራ ለመጀመር የሚበቃ ነው። ይህን ገንዘብ ለማሰባሰብ የቻለ ማኅበረሰብ፣ ተጨማሪ ብድርና የመሥሪያ ቦታ ቢመቻችለት በአካባቢው ሥራ መፍጠር አያቅተውም። ከደቡብ አፍሪካ የሚላከው ገንዘብም ከቤት ግንባታ አልፎ ሰው ወደሚቀጥር ሥራ እንዲገባ ማበረታታት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። ልጁን ያጣ ቤተሰብ ሳይፈራ የሚመሰክርበት አሠራር ካልተዘረጋ፣ አዋጁ ከወረቀት አያልፍም። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶችም ገንዘብ ከማስመለስ ሽምግልና ባሻገር፣ ሰውን በኮንቴይነር መጫን በማኅበረሰቡ ዘንድ ነውር ሆኖ እንዲታይ የማድረግ ድርሻ አላቸው።

ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ ያለው ርቀት ለሁሉም መንገደኛ አንድ ነው። ሰነድ ላለው አምስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ሰነድ ለሌለው ወራትን ይወስዳል፤ በቴቴ ለቀሩት 64 ሰዎች ደግሞ መንገዱ እዚያው አብቅቷል። ነገም ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት አውቶቡሶቹ ከመናኸሪያው ይወጣሉ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ስንቱ በትኬቱ ላይ ወደተጻፈው ከተማ ብቻ ሄዶ እንደሚመለስ የሚወስነው፣ ከመሳፈሩ በፊት በቀዬው የሚያገኘው ሥራና እውነተኛ መረጃ ነው።